እግር ሲያብጥ ማሳጁ ከአንገት ይጀምራል

ሊምፍ በሥጋ መካከል ተሰብስቦ በራሱ ሥሮች ወደ ደም የሚመለስ ፈሳሽ ነው። ላበጠ እግር የሊምፍ ማሳጅ ስሠራ እጄን መጀመሪያ የማሳርፈው አንገት ግርጌ ላይ ነው። ከትከሻ ወደ ጉሮሮ ከሚሄደው አጥንት በላይ ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ አለች፤ ሊምፍ ከደም ጋር የሚቀላቀለው ከእሷ ሥር ነው። የሁለቱም እግሮች፣ የሆድና የግራ ክንድ ፈሳሽ በግራ በኩል ይገባል። በቀኝ የሚገባው የቀኝ ክንድ፣ የቀኝ ደረትና የቀኝ ጭንቅላት ነው። ደለል የሞላው ቦይ ከመውጫው በኩል ይጠረጋል፤ ይህም እንደዚያው ነው። ሥራውን ስጀምር ከእግር ጣት ተነሥቼ ወደ ላይ እገፋ ነበር። ቁርጭምጭሚቱ ሲቀንስ ጉልበቱ ዙሪያ ይወፍራል፤ ፈሳሹ ቦታ ቀየረ እንጂ አልወጣም። ይህን ያሳየኝ ሜትር ነው።

የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከቁርጭምጭሚት ጀምሬ በየ4 ሴንቲሜትሩ ቆዳው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደርግና ሁለቱንም እግር እለካለሁ። ጤነኛ እግርም ቢሆን ማታ ማታ ትንሽ ስለሚያብጥ ልኬቱ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ቢቻል ጠዋት ይሁን። ሜትሩ ቆዳውን ይንካ እንጂ አያሰርጉደው። ቀጥሎ ያበጠውን ቦታ በአውራ ጣት 10 ሰከንድ ያህል ተጭኜ እለቃለሁ። ጉድጓዱ ከቀረ እብጠቱ ገና ፈሳሽ ነው፤ ማሳጅ ቶሎ የሚረዳውም እንዲህ ያለውን ነው። ቆዳው ጠንክሮ ጉድጓድ አልይዝ ካለ ለውጡ አዝጋሚ እንደሚሆን ለታካሚው አስቀድሜ እነግራለሁ። ሌላም ምልክት አለ፦ ከአውራ ጣት ቀጥሎ ያለችው የእግር ጣት ከሥሯ ቆንጠጥ ስትደረግ ቆዳው አልነሣ ካለ የሊምፍ እብጠት ነው ብሎ ለመጠርጠር በቂ ነው።

እጅ የማይነካባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ባቱ ካመመና ከሞቀ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሳያየው ማሳጅ የለም። ቆዳው ቀልቶ፣ ቅላቱ እየሰፋ፣ ትኩሳትም ካለ ኢንፌክሽን ነው፤ መጀመሪያ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ሁለቱም እግሮች አብጠው ሰውየው ጋደም ሲል ትንፋሽ ካጠረው ደግሞ ችግሩ ከልብ ሊሆን ይችላል። ለደከመ ልብ ተጨማሪ ፈሳሽ መላክ አደጋ ነው። ኩላሊቱ ከሥራ ውጭ ለሆነ ሰውም ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሠራም።

አሁን ወደ እጁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ እኔም የተሳሳትኩት እዚሁ ነው። ማሳጅ ሲባል መጫን፣ ማሸት፣ ጡንቻ ማፍታታት ይመስለናል። የመጀመሪያዎቹ የሊምፍ ሥሮች ግን ከቆዳ ሥር እዚያው ናቸው፤ ግድግዳቸው አንድ ረድፍ ሕዋስ ብቻ ነው። የሕዋሳቱ ጠርዞች እንደ ጣሪያ ክዳን ተደራርበው በቀጫጭን ክሮች ከአካባቢው ሥጋ ጋር ተያይዘዋል። ቆዳው ቀስ ብሎ ሲሳብ ክሮቹ ጠርዞቹን ይከፍቷቸዋል፣ ፈሳሹም ይገባል። በኃይል ሲጫኗቸው ይጨፈለቃሉ። ስለዚህ እጄ ቆዳው ላይ አይንሸራተትም፤ ቆዳውን ይዞ ይሄዳል፣ ይለቅቃል፣ ቆዳው ራሱ ይመለሳል። ከሥር ጡንቻው ከተሰማኝ ከብዶብኛል ማለት ነው። ቆዳው ከቀላም ከብዶብኛል፤ ወደዚያ የሚመጣው ደም ሲበዛ ከደም ሥር የሚወጣውም ፈሳሽ ይበዛልና እብጠቱን እየጨመርኩ ነው። ቅባት የማልቀባውም ለዚሁ ነው፤ እጅ ያንሸራትታል፣ ቆዳው አይሳብም።

ፍጥነቱም የሥሮቹ ነው። ትልልቆቹ የሊምፍ ሥሮች በቫልቭ፣ ማለትም ፈሳሹ ወደ ኋላ እንዳይመለስ በሚያግድ ክዳን፣ የተከፋፈሉ ናቸው፤ እያንዳንዱ ክፍል በራሱ እየተኮማተረ ለቀጣዩ ያቀብላል። ይህ በእረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ6 እስከ 10 ጊዜ ገደማ የሚሆን ቀርፋፋ ምት ነው። ስለዚህ እየሳብኩ ሦስት፣ እየለቀቅኩ ሦስት እቆጥራለሁ። በአንድ ቦታ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ደግሜ እጄን አነሣለሁ። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ ካን ከተማ ያዳበሩት ዴንማርካውያኑ ኤሚልና ኤስትሪድ ቮደር ሲሆኑ፣ እስከ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠው የእጅ አያያዝ በአብዛኛው ከእነሱ የወረደ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ታካሚው በጀርባው ይተኛል፣ እግሩ በትራስ ከፍ ይላል። እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ 5 ጊዜ በጥልቀት ይተነፍሳል። ይህ ለማዝናናት ብቻ አይደለም፤ ከእግር የሚመጣው ትልቁ የሊምፍ ቧንቧ ዲያፍራምን፣ ደረትንና ሆድን የሚለየውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ አቋርጦ ስለሚያልፍ ትንፋሹ ራሱ ይስበዋል። ቀጥሎ የጣቶቼን ሆድ አንገት ግርጌ ባለችው ጎድጓዳ ላይ አሳርፌ 10 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ታች እስባለሁ። ጉሮሮ ግራና ቀኝ የደም ምት የሚሰማበትን ቦታ አልነካም፤ ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ሥራው ለበዛበት ሰው አንገቱን እዘለዋለሁ። ከዚያ ብሽሽት 10 ጊዜ። የሊምፍ ዕጢዎች፣ ሲቆጡ ንፍፊት የምንላቸው፣ በብዛት የተሰበሰቡት እዚያ ነው።

በቀዶ ሕክምና የብሽሽት ዕጢዎቹ ወጥተው ወይም በጨረር ተጎድተው ከሆነ ግን በዚያ በኩል ማለፊያ የለም። ያን ጊዜ በዚያው ጎን ያለውን ብብት አስቀድሜ ከፍቼ፣ ፈሳሹን ከጭን በጎድን በኩል ወደ ብብት እመራዋለሁ። ይህን ሳይጠይቅ የሚጀምር ሰው ቀኑን ሙሉ የተዘጋ በር ይገፋል።

ጭን ላይ የላይኛውን ሲሶ፣ ከዚያ መካከለኛውን፣ ከዚያ የታችኛውን እሠራለሁ። በእያንዳንዱ ቦታ የምስበው ወደ ላይ ነው። ቀጥሎ ቋንጃ፣ ባት፣ ቁርጭምጭሚት፣ የእግር ጀርባ። ታች ስደርስ መንገዱን በሙሉ ወደ ብሽሽት አንድ ጊዜ እመለስበታለሁ። ለአንድ እግር 40 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ሰው በራሱ እግር ላይ ሲሠራው 20 ደቂቃ በቂ ነው።

ዋናውን ትምህርት ያገኘሁት ማሳጁ ካለቀ በኋላ ነው። ጠዋት የቀነሰው እግር ያለ ፋሻ ከተሄደበት ማታ ይመለሳል፤ ሥሮቹ ተጎድተዋል፣ ፈሳሹም በክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል። እጅ ያወጣውን የሚይዘው ፋሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ድርጅት ኮክሬን ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ በሚመጣ የክንድ እብጠት ላይ ያወጣው ግምገማም ይህን ያጠናክራል፦ ማሳጁ ጉዳት የለውም፣ በፋሻው ላይ ተጨማሪ ጥቅም ሊሰጥ ይችላል። ፋሻውን የሚተካ አይደለም።

ፋሻው ብዙ የማይለጠጥ ይሁን። ለወለምታ የሚታሰረው ላስቲክ ያለው ፋሻ እግሩ ሲያርፍ ጭምር ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ የማይለጠጠው ግን በእረፍት ላላ ብሎ፣ ጡንቻው ሲሠራ ይገታዋል። ከሥሩ ጥጥ ይነጠፋል። ከጣቶቹ ሥር ይጀመራል፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ይጠብቃል፣ ወደ ላይ እየላላ ይሄዳል። ጉልበት በኩል ከጠበቀ ፈሳሹን ታች ያስረዋል። ጣቶቹ ከጠቆሩ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ ወዲያው ይፈታ። የእግሩ የደም ቧንቧዎች የጠበቡበት ሰው ዝውውሩ ሳይለካ አይታሰርለትም። ከታሰረ በኋላ ቁርጭምጭሚቱን 20 ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲያንቀሳቅስ አደርጋለሁ። ቆዳው በየቀኑ ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ይቀባ፤ በእብጠት በተወጠረ ቆዳ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ለኢንፌክሽን በር ናት።

መርዝ ያወጣል፣ ስብ ያቀልጣል ለሚሉት ደንበኞች እውነቱን መንገር ልማዴ ነው። ደም የሚያጣሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፤ ስብም ቆዳ በመሳብ አይቀልጥም። ጤነኛ ሰው ከዚህ ማሳጅ የሚያገኘው ቀርፋፋው ምት የሚሰጠውን እርጋታ፣ ምናልባትም ቀለል ያለ እግር ነው። ያም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም።

ልኬቱ ለተከታታይ ቀናት መቀነሱን ሲያቆም ፋሻውን ትቼ ወደ አጥባቂ ካልሲ አሻግራለሁ። የካልሲው ልክ የሚወሰደው ጠዋት፣ እግሩ በትንሹ ባለበት ሰዓት ነው። ማታ የተለካ ካልሲ ጠዋት ይላላል፣ ቀስ በቀስም እብጠቱን ያስተናግዳል። በየቀኑ የሚለበስ ካልሲ ደግሞ ላስቲኩ ስለሚደክም በ6 ወር ገደማ ይቀየራል።