«ደሙ የት ነው የሚሄደው?» የጠየቁት እናት

የጤና ምርምር ስነምግባር ኮሚቴን (ሰው ላይ የሚሰራ ጥናት ከመጀመሩ በፊት ተሳታፊዎቹ እንዳይጎዱ የሚገመግመውን) አቅም እንገንባ ሲባል ሁሌ የሚታሰበው ሆቴል አዳራሽ ፓወርፖይንት እና ሰርተፍኬት ነው። ትሬኒንጉ ይጠቅማል፣ አሜሪካ ቱስኬጊ ላይ በፈረንጆቹ ከ1932 እስከ 1972 ቂጥኝ ያለባቸውን ጥቁር ገበሬዎች ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም ሳያክሙ በሽታው ምን እንደሚያደርጋቸው ሲያዩ እንደኖሩ የማያውቅ ሰው ፕሮቶኮል (የጥናት ዝርዝር እቅድ) ባይገመግም ይሻላል። ግን እኔ አቅም ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚሉኝ የማህበረሰብ ተወካያችን ናቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው።

ሜክሲኮ አካባቢ ነው የምንሰበሰበው። አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ክትትል ከሚያደርጉ ነፍሰጡሮች ደም የሚወስድ ጥናት ቀርቦ ዶክተሮቹ ሳምፕል ሳይዙ (የተሳታፊዎቹ ብዛት) ላይ ተከራክረው ተከራክረው ሲያበቁ እማማ የአማርኛውን ኮንሰንት ፎርም (እናቶቹ ለመሳተፍ ተስማምተው የሚፈርሙበትን ወረቀት) ገልጠው መስመሩ ላይ ጣታቸውን አድርገው «ልጆቼ፣ ይሄ ደም ስራው ሲያልቅ የት ነው የሚሄደው?» አሉ። ዞር ብለን ፕሮቶኮሉን ስናይ የተረፈው ውጭ አገር ተልኮ ይቀመጣል ይላል፣ እናቶቹ የሚፈርሙበት ወረቀት ላይ ግን አንድ ቃል የለም፣ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነቱም (ኤምቲኤ የምንለው) አልተያያዘም። «ደሞ አልፈልግም ያለችዋ ካርዷን ይዛ እንደበፊቱ ትታከማለች አይደል? እሱንም በግልጽ ጻፉላት» ብለው ጨመሩ። ፕሮቶኮሉ ተመለሰ፣ ተስተካክሎም መጣ።

ይሄ የአንድ ኮሚቴ ነገር ብቻ አይደለም። ወላይታ ላይ የፖዶኮኒዮሲስ (ባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ በመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት) የዘረመል ጥናት ሲታሰብ ተመራማሪዎቹ ቀድመው ነዋሪውን አነጋግረው ነበር፣ ሰዉን ካሳሰቡት ነገሮች አንዱ በሽታው በዘር ነው ከተባለ ቤተሰቡ በሙሉ የባሰ ይገለላል የሚል ነበር። እንደዚህ አይነት ጉዳት ላብራቶሪ ውስጥ ሆኖ ለሚያስብ ሰው እንዴት ይታየዋል? ሲኦምስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የህክምና ሳይንስ ድርጅቶች ምክር ቤት ያወጣው መመሪያም በ2016ቱ እትሙ ኮሚቴ ውስጥ የማህበረሰብ አባላት ይኑሩ የሚለው ለዚህ ይመስለኛል።

እኛ ጋ ግን ተወካዩን ወንበር ላይ እናስቀምጥና እንረሳዋለን። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወፍራም ፕሮቶኮል ስብሰባው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ይላክላቸዋል፣ ሲናገሩ ደግሞ አንዱ ስፔሻሊስት «እሱ ቴክኒካል ነው» ብሎ ያልፋቸዋል፣ ይሄ በጣም ያናድደኛል። ለአቅም ግንባታ ከሚወጣው ብር ትንሽ ተቀንሶ እያንዳንዱ ፕሮቶኮል ሁለት ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ቢኖረው፣ ከሳምንት በፊት ቢደርሳቸው፣ የትራንስፖርታቸው ቢከፈል፣ ሰብሳቢው ደግሞ ከዶክተሮቹ በፊት እሳቸውን ቢጠይቅ ብዙ ነገር ይቀየራል። ከጸደቀ በኋላ ወርዶ ማየትም ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዳይ ነው፣ ብዙ ኮሚቴ ማህተም መትቶ ካስወጣ በኋላ ኮንሰንቱ በስነስርዓት ይነበብ ኮሪደር ላይ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ይባል ሄዶ አያይም፣ መኪና የለም አበል የለም ይባላል።

ማጠቃለያውን አሁን ከሚቀጥለው ስብሰባ ጀምሮ ራሳቸው ተመራማሪዎቹ እንዲያዘጋጁ ጠይቀናል፣ ያላያያዘ ለግምገማ አይቀርብም። ሌላ ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ እናንተ ጋ እንዴት እንደሚሰራ ጻፉልኝ፣ በተለይ የመስክ ክትትል በጀት ማስፈቀድ የቻላችሁ ካላችሁ።