«ከአይቲ ነው የምደውለው»

የወር መጨረሻ ነበር፤ ፔሮል የሚሠራበት ቀን። ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ የአይቲ ቢሯችን የውስጥ ስልክ ጮኸ። የደወሉት ሁላችንም እትዬ የምንላቸው አንጋፋዋ የሒሳብ ባለሙያችን ናቸው።

«ልጄ፣ ምነው ስክሪኔን አጨለማችሁብኝ? ፔሮሉን እኮ አልጨረስኩም» አሉኝ።

ከእኛ ክፍል ማንም እሳቸው ኮምፒውተር ውስጥ አልገባም። «እትዬ፣ ከኋላ ያለውን የኔትወርክ ኬብል አሁኑኑ ይንቀሉት። ኮምፒውተሩን ግን እንዳያጠፉት» አልኳቸውና ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ።

ነገሩ የጀመረው ከምሳ በኋላ ነው። ኢሜይላቸው በድንገት ከማያውቋቸው ድረ ገጾች በሚመጣ የምዝገባ መልእክት ተጥለቀለቀ። አንዱን ሲያጠፉ ሌላው ይገባል። ትንሽ ቆይቶ ሞባይላቸው ጠራ። ደዋዩ ስማቸውን ያውቃል፤ አነጋገሩም ትሑት ነው። «ከአይቲ ነው የምደውለው። ኢሜይልዎ ችግር እንደገጠመው ሲስተሙ ላይ አይተን ነው» አላቸው። ችግሩን የፈጠረው ራሱ እኮ ነው! ኮምፒውተርን ከሩቅ ሆኖ ለመቆጣጠር የሚያስችለውን ፕሮግራም፣ ኤኒዴስክን፣ ከትክክለኛው ድረ ገጽ አስወረዳቸው። ፕሮግራሙ የሰጣቸውን ቁጥር አነበቡለት፤ ፈቃድ ሲጠይቃቸውም «አክሴፕት» አሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ ሒሳብ ክፍል የሠራ ሰው አይፈርድባቸውም። የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ በተበላሸ ቁጥር ባለሙያው ከውጭ ደውሎ «ኤኒዴስክ ክፈቱና ቁጥሩን ላኩልኝ» ይላል። እትዬ ይህን ለዓመታት ሲያደርጉ ኖረዋል።

ሥራ አስኪያጃችን መጀመሪያ የጠየቁት «አንቲቫይረሱ የት ሄዶ ነው?» ብለው ነው። የትም አልሄደም፤ ሁሉም ሰላም ነው እያለ ነበር። ኤኒዴስክ ቫይረስ አይደለም። ሕጋዊ ኩባንያ የሠራው፣ ዲጂታል ፊርማ ያለው ፕሮግራም ነው። የኔትወርኩን መግቢያና መውጫ የሚጠብቀው ፋየርዎልም ቢሆን ወደ ኤኒዴስክ ሰርቨሮች የሚሄድ የተመሰጠረ ግንኙነት ነው የሚያየው። የእኛን ከሌባው በምን ይለየው? የአሜሪካው የሳይበር ደኅንነት ተቋም ሲሳ ከአገሪቱ የስለላ ድርጅት ኤንኤስኤ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ያስጠነቀቀው ስለዚሁ ነው። አጥቂዎች በአይቲ ድጋፍ ስም ኢሜይል እየላኩ፣ ኤኒዴስክንና መሰሉን ስክሪንኮኔክትን ያለ ኢንስቶል በሚሠራው ዓይነታቸው እያስወረዱ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን አጥቅተው ነበር። እትዬ የደረሰባቸውን የኢሜይል ጎርፍና የስልክ ጥሪ ደግሞ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ጽፎበታል። እዚያ የተጠቀሙት ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን ክዊክ አሲስትን ሲሆን፣ መጨረሻው ብላክ ባስታ የተባለው፣ ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌር ነበር።

ኮምፒውተሩ ላይ ያየሁት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ኤኒዴስክ ማን መቼ እንደገባ የሚመዘግብበት ኮኔክሽን ትሬስ የሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል አለው። የመጀመሪያው መስመር «ዩዘር» ይላል፤ እትዬ ራሳቸው የፈቀዱለት ነው። ቀጥሎ ያለው ግን «ፓስወርድ» ይላል። ሰውየው የራሱን ፓስወርድ አስቀምጦ፣ ወጥቶ ተመልሶ ገብቷል። ከዚህ በኋላ ሌሊት ቢመጣ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። በዚያ ላይ ስክሪንኮኔክትን በጎን ጭኗል። ኤኒዴስኩን አጥፍተን ብንሄድ በሌላው በር ይመለስ ነበር። ይህን ሁሉ ማድረግ የቻለው የእትዬ አካውንት ማንኛውንም ፕሮግራም ለመጫን የሚያስችል ሙሉ የአድሚን መብት ስላለው ነው። ፒችትሪ ያለዚያ አልሠራ ብሎ ድሮ የተሰጠ መብት ነው፤ መልሶ ያነሳው ሰው አልነበረም።

ባንክ ደውለን ኢንተርኔት ባንኪንጉን አሳገድን። ፓስወርዶቹን ከሌላ ኮምፒውተር ቀየርን። የእትዬን ኮምፒውተር ማስረጃውን ከያዝን በኋላ ፎርማት አደረግነው። ብር አልወጣም።

በማግስቱ ስብሰባ ላይ ለእትዬ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍ የሚል ሐሳብ ተነሳ። እኔ አጥብቄ ተቃወምኩ። ስክሪኑ ሲጨልም ወዲያው የደወሉት እሳቸው ናቸው። ደብዳቤ ቢደርሳቸው በሚቀጥለው ጊዜ እሳቸውም ሆኑ ሌላው ሠራተኛ ነገሩን ደብቆ እስኪነጋ ይጠብቃል፤ ሌባው የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ ነው። ደብዳቤው ቀረ።

ከዚያ እያንዳንዱን ኮምፒውተር ፈተሽን። መጋዘን ቢሮ ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ፣ ከእኛ ጋር መሥራት ካቆመ የቆየ ባለሙያ ፓስወርድ ያስቀመጠበት ኤኒዴስክ ተገኘ። ፓስወርዱን ማን እንደያዘው የሚያውቅ የለም። ከደዋዩ ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ ይሄኛው ነው።

አሁን የምንጠቀመው አንድ የሪሞት ፕሮግራም ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ፋየርዎሉም ላይ ኮምፒውተሮቹም ላይ ታግደዋል። «ከአይቲ ነን» የሚል ስልክ የመጣበት ሠራተኛ ዘግቶ በውስጥ ስልክ መልሶ ይደውልልናል። የፒችትሪው ባለሙያም በእኛ በኩል ይገባል፤ ሥራው ሲያልቅ እንዘጋዋለን። መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር። የመጋዘኑን ታሪክ ስነግረው ግን ዝም ብሎ ሰማኝና፣ እሱ ራሱ ፓስወርድ ያስቀመጠባቸውን የደንበኞቹን ኮምፒውተሮች ዝርዝር ማውጣት ጀመረ።