ለልጆቻችሁ ከማሳየታችሁ በፊት

ስለ አሜሪካ ጥቁሮች የሲቪል መብት ትግል የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ከልጆቻችሁ ጋር ልታዩ ካሰባችሁ፣ አደራ፣ ቀድማችሁ ለብቻችሁ እዩት። ዳይሬክተሩ ስፓይክ ሊ በ1997 የሠራው «ፎር ሊትል ገርልስ» ከምርጦቹ አንዱ ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1963 በርሚንግሃም፣ አላባማ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ላይ በተጠመደ ቦምብ ስለሞቱት አራት ልጃገረዶች ቤተሰቦቻቸው ራሳቸው ይናገራሉ። ግን በመካከሉ የአስከሬናቸው ፎቶ ብልጭ ይላል፤ ሪሞቱን እስክታነሱ ትንሹ ልጅ አይቶታል። ከ14 ዓመት በታች ላለ ልጅ አንመክረውም።

ለመጀመሪያ የሚሻለው «ማይቲ ታይምስ፦ ዘ ችልድረንስ ማርች» ነው። 40 ደቂቃ ብቻ ነው። የዚያችው ከተማ ተማሪዎች ክፍላቸውን ጥለው ለተቃውሞ ሲወጡ፣ የፖሊስ ውሻና የእሳት አደጋ ውሃ ሲለቀቅባቸው ያሳያል። አንዳንዱ ትዕይንት ግን ኋላ በድሮ ካሜራ በተዋናዮች የተቀረጸ ስለሆነ ለልጆቹ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ብዙ ወላጅ የሚቸገረው ትርጉሙ ላይ ነው። የአላባማ አዛውንት ሲናገሩ እንግሊዝኛ የሚችለውም ልጅ ግማሹን አይሰማም። ከሥር የሚያልፈውን ጽሑፍ እያነበባችሁ ልትተረጉሙ ከሞከራችሁ ደግሞ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ፊልሙ ጥሏችሁ ይሄዳል። ይልቅ አንድ ሰው ተናግሮ ሲጨርስ አቁሙና በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱ። «የዘር መድልዎ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ እዚህ ያደገ ልጅ «ዘር» ሲባል ብሔር ነው የሚመጣለት። «በቆዳ ቀለም መለየት» በሉት፤ ያኔ ለጥቁሮች የተለየው የውሃ ቧንቧ ምን እንደሆነ ይገባዋል።

«አይስ ኦን ዘ ፕራይዝ» የተባለው ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም 14 ክፍል ነው፤ ሁሉንም ካላየን አትበሉ። የመጀመሪያው ክፍል የሞንትጎመሪን የአውቶቡስ አድማ ይዟል፤ የዚያች የአላባማ ከተማ ጥቁሮች በቆዳ ቀለም የሚለየውን አውቶቡስ አንሳፈርም ያሉበትን። 381 ቀን የሚለው ቁጥር ለልጅ ባዶ ነው። ከፒያሳ መስቀል አደባባይ አንበሳ አውቶቡስ ሳይሳፈር ከአንድ ዓመት በላይ በእግሩ ቢመላለስ ብላችሁ ጠይቁት። የ14 ዓመቱ ጥቁር ልጅ የኤሜት ቲል ግድያም እዚሁ ክፍል ውስጥ ስላለ ለትንንሾቹ ያንን እለፉት።

«ይሄ የአሜሪካ ጉዳይ ነው» ካሉ የሕገ መንግሥታችንን አንቀጽ 25 አንብቡላቸው፤ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። ትልልቆቹን መስቀል አደባባይ ወዳለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ውሰዷቸው። የሰው አፅም ስላለ ትንንሾቹ ቤት ይቆዩ።