ሹክ ስል የሰነበትኩበት ሳምንት

ድምፄ ከጠፋ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ «ዝም በሉ!» ልል አፌን ስከፍት አየር ብቻ ወጣ። ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ ግን እውነትም ዝም አሉ። ስንት ዓመት ጮኼ ያላገኘሁትን ጸጥታ በባዶ አየር አገኘሁት።

ሐኪሙ ጉሮሮዬን አይቶ የድምፅ አውታርህ አብጧል፣ ለሳምንት አትናገር አለኝ። እሺ፣ ሹክ እያልኩ አስተምራለሁ አልኩት። ሹክ ማለቱም ብዙ ሰው ላይ ጉሮሮውን ያስጨንቃል፣ ተወው አለኝ። ይህንን ሲነግረኝ ግን እሱ ራሱ ሹክ ብሎ ነው! የሱ ጉሮሮ ደህና፣ ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ። ከዚያ ወዲህ ስታዘብ ሁሉም ሰው እንደዚያው ነው፤ ሹክ ላለው ሹክ ብሎ ይመልሳል፣ አንገቱንም ሰበር ያደርጋል።

ምክሩን አልሰማሁም። ጦሱም የመጣው ከዚያ ነው።

ረቡዕ ማታ እዚሁ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈራችን ካለው ሱቅ ገባሁና «ስኳር አለ?» አልኩት ልጁን፣ ባለችኝ ትንፋሽ። ልጁ ግራ ቀኙን ቃኘ። ባንኮኒው ላይ ተደግፎ «ስንት ኪሎ ነው ቲቸር?» አለኝ እሱም በሹክሹክታ። አንድ ኪሎ መዝኖ በጥቁር ፌስታል ቋጠረልኝ። ስኳሩ እኮ መደርደሪያው ላይ፣ ለሁሉም በሚታይ ቦታ ነበር! ዞር ስል አከራዬ እማማ ከኋላዬ ቆመዋል። ምንም አላሉኝም። ቤት ስገባ ግን ተከትለውኝ መጡና በሩን ገርበብ አድርገው «ልጄ፣ በስንት ሰጠህ?» አሉኝ፣ እሳቸውም በሹክሹክታ።

በማግስቱ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ «እዚያ ሱቅ የተደበቀ ስኳር አለ» ይላል። የሱቁ ልጅ እስካሁን ቀና ብሎ አያየኝም። ምን ብዬ ላስረዳው? ድምፅ የለኝ።

እንግዲህ ክፍል ውስጥ ልጆቹን ጽሑፍ እያስገለበጥኩ ይቺን «ሹክ» የምትባል ቃል ሳብሰለስላት ሰነበትኩ። ሳስበው ሹክ ማለት ድምፅ ከመቀነስ ጋር ያን ያህል ጉዳይ የለውም። እህቴ ባለፈው የፈተና ውጤት መውጣቱን በቴሌግራም ጽፋ ነው ያሳወቀችኝ፤ እኔ ግን ለሰው ሳወራ «እህቴ ሹክ ብላኝ ነው» አልኩ። ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ከሌላው ሰው በፊት፣ ለኔ ብቻ ነገረችኝ ማለቴ ነው። ዋናው ጆሮው ነው፣ የማን ጆሮ እንደተመረጠ። እና እኔ ስኳር ስጠይቅ የልጁን ጆሮ የመረጥኩ መሰልኩ። እማማ ደግሞ ያልተመረጡ መሰላቸው። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው።

ቃሏ ቅርጿን ስትቀይር ደግሞ ጠባይዋ ይለወጣል። ሹክ ያለኝ ሰው ወዳጄ ነው። ሁለት ሰዎች ሲንሾካሾኩ ካየሁ ግን የሚያሙኝ እኔን ነው፣ ሌላ ማንን ሊሆን ይችላል? አሾካሿኪ ሲባልማ ስድብ ነው። እማማ ቃሉን ሲጠሩት ፊታቸው ይጨማደዳል፣ የደርግን ጊዜ የሰዓት እላፊ ያስታውሳሉ፤ ባለቤታቸው ከውጭ የሚተላለፈውን ሬዲዮ ድምፁን ቀንሶ ጆሮው ላይ ለጥፎ ያዳምጥ ነበር፣ ጆሮ ጠቢ ደግሞ ከአጥር ውጭ። «ያኔ ግድግዳውም ጆሮ ነበረው» ይላሉ።

ለደጉ ነገር ሌላ ቃል አለን፣ በለሆሳስ። ከግዕዝ የመጣ ነው። ቅዳሴ ላይ ካህኑ ለራሱ ዝቅ አድርጎ የሚጸልየው ጸሎት አለ፣ እሱ በለሆሳስ ነው፤ ማንም «ምን ደብቆ ነው?» አይልም። እማማ ሙስሊም ናቸው፤ ይህን ስጽፍላቸው (በወረቀት ነው የምንነጋገረው፣ እሳቸው መነጽራቸውን ፈልገው እስኪያገኙ ቡናው ይቀዘቅዛል) የነሱም የቀን ሶላቶች፣ ዙሁርና አስር፣ ዝቅ ባለ ድምፅ እንደሚሰገዱ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሰገደው መግሪብ ላይ ግን ኢማሙ ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ ነገሩኝ። በኦሮምኛ ሹክ ማለት «ሀሳሱ» ነው አሉኝ። ደጋግሜ አልኩት። ሀሳሱ፣ ለሆሳስ። ከአንድ ሥር ናቸው ለማለት አልደፍርም፣ ግን ሁለቱም በትንፋሽ የተሠሩ ናቸው። ሹክም ብትሆን ያው ናት፤ ሽ እና ክ የድምፅ አውታር ሳይርገበገብ የሚወጡ ፊደላት ናቸው። ለዚህ ነው ድምፄ ጠፍቶ እንኳ ይህቺን ቃል አጥርቼ የምላት። «ዘራ» ስል ግን «ሠራ» ይሆንብኛል። ሐሙስ ዕለት አንዱን ልጅ «ገበሬው ምን ዘራ?» ብዬ ብጠይቀው «ቤት» አለኝ።

የቀረው የወሬው ሹክሹክታ ነው፣ ከሁሉም የምፈራው እሱን ነው። ሰው «ሹክሹክታ አለ» ሲል የሚናገረው አይታወቅም፤ ወሬው ብቻ ከቤት ቤት ይዞራል። የኔን ስኳር ማን ጀመረው ብለህ ብትጠይቅ ሰፈሩ ሁሉ «ሲባል ሰማሁ» ነው የሚልህ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የተባለውም ለሱቁ ልጅ ሳይሆን አይቀርም፤ ወሬው ከሁሉም ሰው በኋላ ነው የደረሰው።

ዛሬ ከሰዓት እማማ ቡና አፍልተው ጠሩኝ። በርጩማዬን ስቤ ገና ከመቀመጤ ዝናቡ ወረደ። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንኳን ሹክሹክታ ጩኸትም አይሰማም። እማማ የሆነ ነገር ሊነግሩኝ አፋቸውን ወደ ጆሮዬ አስጠጉ። አልሰማሁም። እጄን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። ደገሙት። አሁንም ምንም። በመጨረሻ እማማ በጉልበታቸው ተነስተው፣ አጥር ማዶ ያለው ጎረቤት ሳይቀር እንዲሰማ አድርገው ጮኹ፦

«የሱቁ ልጅ ስኳር አምጥቷል አሉ! ለማንም እንዳትናገር!»