«ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብቦ ስሜትን መጻፍ

ስለ ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ ስሜታቸውን የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፉት መጨረሻው ላይ ነው፤ ሰብለ ወንጌል ፍቅረኛዋን በዛብህን ፈልጋ በሞት አፋፍ ላይ ስታገኘው። ማልቀሳቸው ተገቢ ነው። ዕንባው ከየት እንደ ጀመረ ግን ሳይነገረን ይቀራል።

እኔ እንደማምነው የሚጀምረው ከበዛብህ ወላጆች፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ቤት ነው። ይህን ክፍል «ታሪኩ ገና አልጀመረም» ብሎ የሚሮጥበት አንባቢ ብዙ ነው። ወላጆቹ በዛብህን በስለት ለእግዚአብሔር ሰጥተውታል። ይህን የዘለለ ሰው፣ ታሪኩ ሰብለ ወንጌል ወዳለችበት ወደ ዲማ ሲደርስ የልጁን ማመንታት ፍርሃት ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ ሳይዘልል ያነበበ ግን በስለትና በፍቅር መካከል ተይዞ የሚጨነቅ ሰው ያገኛል።

የሰብለ ወንጌል አባት ፊታውራሪ መሸሻ ያስቃሉ። ሳቁን ጻፉት፤ ወዲያው ደግሞ የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ጠይቁ። ሴት ልጃቸውን ያለ ባል ያስቀረው የዘር ኩራትና ከገበሬዎቹ ጋር ጦር ያማዘዛቸው ኩራት አንድ ነው። የዘመኑን ሥርዓት የሚነቅፈውን ጉዱ ካሳን በተመለከተ የሚበዛው ስሕተት ንግግሩን ብቻ ቆርጦ መጥቀስ ነው። ጉዱ የሚሉት ካሳ ዳምጤ የዚያው የፊታውራሪ ቤት ዘመድ ነው፤ የሚናገረውን ከማን ፊት እንደ ተናገረው አብሮ ካልተጻፈ፣ ድፍረቱ ይጠፋና ጥቅስ ብቻ ይቀራል።

ስታነቡ እርሳስ ያዙ። የሳቃችሁበት፣ የተናደዳችሁበት ቦታ ኅዳጉ ላይ አንድ ቃል ይበቃል። መጽሐፉን በጨረሳችሁበት ቀን አትጻፉ፤ መጨረሻው ሁሉን በኀዘን ይቀባዋል። ጥቂት ቀን ቆይታችሁ ምልክቶቹን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራችሁ ተከተሉ፤ ያን ጊዜ የተረሳው ሳቅ ይመለሳል።

የዚሁ ደራሲ ሥራ የሆነውን፣ በ1974 ዓ.ም. የወጣውን «ወንጀለኛው ዳኛ»ን ወይም የ1980ውን «የልምዣት» ስታነቡ ሌላ ሰብለ ወንጌል አትጠብቁ። ያ መጠበቅ መጽሐፎቹን ሳይነበቡ ያስፈርድባቸዋል።

ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ የተረከበትን ትረካ እኔም እወደዋለሁ፤ ቢሆንም ከንባቡ በኋላ ቢሰማ ይሻላል። ቀድሞ የሰማው ሰው የፊታውራሪን ድምፅ ራሱ መፍጠር ይከብደዋል። ደራሲው በ1958ቱ እትም በሚጠብቁ ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አድርገዋል። ያን እትም ያገኘ ሰው አንድ ሁለት ገጽ ጮክ ብሎ፣ ነጥብ ያለባቸውን ፊደላት እያጠበቀ ያንብብ፤ የዐረፍተ ነገሩ ምት የሚሰማው ያኔ ነው።