ቢጫው ሳጥን

ዛሬ ፒያሳ ነበርኩ። የተጠቀጠቀውን የመንገድ አፈር እፍጋት በኒውክሌር ጌጅ፣ ማለትም በጨረር በሚሠራ መለኪያ፣ ለክተን ጨርሰን መሣሪያውን ሳጥኑ ውስጥ ቆለፍኩት። ስልክ ተደወለና ዞር አልኩ። ስመለስ አንድ የቀን ሠራተኛ ልጅ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ዳቦውን ይበላል።

"ወንድሜ፣ ከዚያ ላይ ተነስልኝ" አልኩት።

"ምነው ጋሼ፣ ሳጥን አይደል እንዴ?"

ልጁ ምን ያድርግ፣ የነገረው የለም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ መሣሪያው ለደቂቃም ካለ ጠባቂ አይተውም። ትልልቆቹ አደጋዎች የሚመጡት እንዲህ ሲዘናጉ ነው፤ ሮለር ሳያየው ይደፈጥጠዋል፣ ወይ ሌባ ይወስደዋል።

አጠገቡ ቁጭ ብዬ አስረዳሁት። ውስጡ ሲዚየም 137 እና አሜሪሲየም 241 የሚባሉ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ጨረሩ በግማሽ የሚቀንሰው በ30 ዓመት፣ ሁለተኛው በ432 ዓመት ገደማ ነው። ሲዚየሙን የያዘው ዘንግ መከላከያው ውስጥ ሲቆለፍ የሚወጣው ጨረር አነስተኛ ስለሆነ፣ ለጥቂት ደቂቃ መቀመጡ እንደማይጎዳው ነገርኩት። ፊቱ ሲረጋጋ እኔም ቀለል አለኝ። ርቀቱን እጥፍ ስታደርገው የሚደርስብህ ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳል ስለው ሳቀና ሁለት እርምጃ ራቀ።

የከነከነኝ ግን የራሴ ረዳት ነው። ሳጥኑን በየቀኑ ከመኪና የሚያወርደው እሱ ሆኖ፣ የጨረር መለኪያ ባጅ ያለው እኔ ደረት ላይ ብቻ ነው። ከጨረር ጋር ለሚሠራ ሠራተኛ የተቀመጠው ጣሪያ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት (ሰው የደረሰበት ጨረር የሚለካበት አሃድ) ነው። ካልተለካ የሱ ስንት እንደደረሰ በምን ይታወቃል? ነገ ጠዋት ሥራ ሳንጀምር ባጁን በጽሑፍ እጠይቅለታለሁ።