የደሴ በልግና ቲማቲሞቼ

ደሴ ላይ ቲማቲም አለማለሁ ስትል መጀመሪያ የሚቀበልህ ሳቅ ነው። "ኮምቦልቻ እታች እያለልህ?" ይሉሃል። ሐቃቸውን ነው። ሐረጎን ወርደህ ኮምቦልቻ ስትገባ ከፍታው ወደ 1850 ሜትር ይወርዳል፤ ደሴ ግን 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ከጦሳ ተራራ ስር ተቀምጣለች። ከፍታ 100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በአማካይ 0.6 ዲግሪ ይቀንሳል፤ በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ 4 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት አለ ማለት ነው። ለሰው 4 ዲግሪ ሹራብ መደረብ ነው፤ ለቲማቲም ግን አበባው ፍሬ መያዙና ባዶውን መርገፉ ነው።

እኔ ግን ግቢው ካለ፣ ጉጉቱም ካለ ለምን አይሞከርም ባይ ነኝ። ከቆላ በሳጥን ተጭኖ፣ ተጨፍልቆ ከሚደርሰው ቲማቲም ጋር ከግንዱ ላይ ቀልቶ የተቀጠፈውን ያወዳደረ ሰው ይረዳኛል። በየጓሯችሁ የምትሞክሩ ወንድም እህቶች ስላላችሁ፣ ዘንድሮ ከበልጉ ጋር ስንተያይ የገባኝን ላካፍላችሁ።

የገባኝ ነገር ይሄ ነው። የበልግ ጠላት አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው፤ የሁለቱም መድኃኒት እርስ በርሱ ይጣላል። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ውርጭ አለ፤ ለሱ መሸፈን ነው። ሰማዩ በተደፈነበት ሳምንት ደግሞ ምች የሚባለው የቅጠል በሽታ አለ፤ ለሱ መግለጥና ማናፈስ ነው። ሸፍኖ የተወ በምች ያጣል፣ ገልጦ የተወ በውርጭ ያጣል። በልግ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊያመጣው ይችላል።

የበልጉ ዝናብ ከሕንድ ውቅያኖስና ከዐረብ ባሕር በኩል በሚመጣ እርጥብ አየር የሚጥል ነው፤ እንደ ክረምቱ ቃሉን የሚጠብቅ አይደለም። የደቡብ ወሎ ደጋ ገበሬ ገብሱን በዚህ ዝናብ ስለሚዘራ ጠባዩን ከኛ የጓሮ ሰዎች በላይ ያውቀዋል። የካቲት ላይ አጉረምርሞ፣ መጋቢትን ጠብ ሳይል አሳልፎ፣ ሚያዝያ ላይ በረዶ ቀላቅሎ ሊያወርደው ይችላል። ስለዚህ በቀን መቁጠሪያ መዝራት አያዋጣም። እኔ የያዝኩት ዘዴ ዘሩን በአንዴ አለመጨረስ ነው፤ ጥር መጨረሻ ላይ ጥቂት፣ የካቲት አጋማሽ ላይ ጥቂት፣ መጋቢት መግቢያ ላይ ጥቂት። አንዱን ዙር ሰማይ ቢወስደው ሌላው ይተርፋል።

ስለ ዘር ትንሽ ልበል። በየሱቁ የምናገኘው ሮማ ቪኤፍ ቁመቱ አጭር፣ ፍሬውን ተቀራራቢ ጊዜ የሚሰጥ ዓይነት ነው። ማርግሎብ ከሱ ይልቅ ይረዝማል፣ ፍሬውም ድብልብል ነው። መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ የሚባሉት የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ናቸው። መልካሳ ግን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ 1550 ሜትር ላይ ያለ ቦታ መሆኑን አትርሱ፤ እዚያ በዚህን ያህል ጊዜ ደረሰ የተባለ ዝርያ እዚህ ሳምንታት ይጨምራል። ለደሴ ዓይነት ቦታ እኔ አጭሩን እመርጣለሁ፤ በረዶው ወይ ክረምቱ ሳይደርስ ያለውን ሰጥቶ ይገላገላል። ትንንሽ ፍሬ የምታፈራዋ ቼሪ ቲማቲም ከተገኘች ደግሞ ብርዱን ከትልልቆቹ ይልቅ ትችላለች። ለመሸጥ ለሚያስብ ሌላ ነገር ነው፤ እኔ የማወራው ለቤት ነው።

ችግኙን የማፈላው ማድ ቤት ውስጥ ነው። የቲማቲም ዘር 25 ዲግሪ ሙቀት ካገኘ በሳምንት ገደማ ብቅ ይላል፤ አፈሩ 15 ዲግሪ ላይ ከሆነ ግን ሁለት ሳምንት ያስጠብቃል፣ አንዳንዱም እዚያው ይበሰብሳል። እንጀራ የሚጋገርበት ቤት በደሴ ብርድ ትልቅ ሀብት ነው። ዕቃው ከመሃሉ የተቆረጠ ሃይላንድ ነው፣ ስሩ በጋለ ሚስማር የተበሳ። አፈር፣ በደንብ የበሰበሰ ፍግና ትንሽ አሸዋ። ዘሩ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይቀበራል። ብቅ ካለ በኋላ ግን ከማድ ቤት ወጥቶ ብርሃን ማግኘት አለበት፤ ጨለማ ውስጥ የቆየ ችግኝ ቀጥኖና ገርጥቶ ያንጋጥጣል። ቀን ቀን ደጅ እያወጡ ማታ ማስገባት አሰልቺ ነው፤ ልጆች ያሉበት ቤት ለነሱ መስጠት ነው።

ወደ መደብ ሲዛወር በጥልቀት ይተከላል። ከታች ያሉትን ቅጠሎች ቀንጥሳችሁ ግንዱን እስከ ላይኞቹ ቅጠሎች ቅበሩት። የተቀበረው ግንድ ራሱ ሥር ያወጣል፤ ቲማቲም እንደ ጎመን አይደለም። የግንዱን ዙሪያ በሃይላንድ ቀለበት ማጠር ደግሞ ሌሊት እየወጣ ከስር ከሚቆርጠው ትል ያድናል።

አሁን ወደ ውርጩ። ከኩታበር በኩል የመጡ ጎረቤት አሉን፤ "አያ" ነው የምንላቸው። ማታ ደጅ ወጥተው ሽቅብ ያዩና "ዛሬ ኮከቡ በዝቷል፣ ልብስ አልብሳቸው" ይሉኛል። የአየር ትንበያ ከሚነግረኝ በላይ ይሄ ያስተኛኛል ወይም ያስነሳኛል። ነገሩ ምክንያት አለው፤ ደመና ካለ መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ወደሷ ይመልስላታል፤ ሰማዩ ከጠራና ነፋስ ከሌለ ሙቀቱ ወደ ላይ አምልጦ ይሄዳል። በራስ ቁመት የሰቀላችሁት ቴርሞሜትር 3 ዲግሪ እያሳየ እንኳ መሬቱ ጋ ያለው ቅጠል ውርጭ ሊመታው ይችላል፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ታች ይተኛል። በዚያው ምክንያት ተዳፋት ላይ ያለ ጓሮ ከሜዳው ይሻላል። ቦሩ ሜዳ ላይ የሚያለማ ወዳጅ አለኝ፤ እኔ ጋ ጤዛ ብቻ ባደረበት ጠዋት እሱ ጋ ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል።

መሸፈኛው ጨርቅ ወይም ጆንያ ቢሆን ይመረጣል። ላስቲክ ቅጠሉን ከነካ የነካበት ቦታ ይቃጠላል፤ ስለዚህ በቀጭን እንጨት ቀስት ሠርቶ ከፍ አድርጎ መወጠር ነው። ዳሩ እስከ መሬት ይድረስ፤ የሚይዘው ሙቀት ከአፈሩ የሚወጣውን ነውና። ቀን ላይ አፈሩን ማጠጣትም ይረዳል፤ እርጥብ አፈር ከደረቁ ይልቅ ሙቀት አስቀምጦ ሌሊት ይለቃል። ውኃ የሞላ ጀሪካን በችግኞቹ መካከል ማቆም የዚሁ ዘመድ ነው፤ በተለይ ጥቁሩ አሮጌ ጀሪካን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ጠጥቶ ያድራል። ጠዋት ፀሐይ እንደወጣ ግን ግለጡት። ተሸፍኖ የሚውል ቲማቲም ወይ ይቀቀላል ወይ ለሚቀጥለው ጠላት ይመቻቻል።

እሱም ምች ነው። ይህ ድንችንም ቲማቲምንም የሚይዝ አንድ በሽታ ነው፤ ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ስለዚህ ጎን ለጎን አትትከሏቸው። የሚፈልገው ቀዝቀዝ ያለ አየርና ለረጅም ሰዓት ሳይደርቅ የቆየ ቅጠል ነው፤ የደሴ የሚያዝያ ጉም ከዚህ በላይ ምን ሊሰጠው ይችላል? አመጣጡን ለማየት ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ውረዱ። ቅጠሉ ላይ በመጀመሪያ ውኃ የነካው የሚመስል አመድማ አረንጓዴ ምልክት ይታያል፣ ኋላ ይጠቁራል። ቅጠሉን ስትገለብጡት በምልክቱ ጠርዝ ላይ ብቻ ዱቄት የተነፋበት የሚመስል ስስ ነጭ ነገር አለ። ፀሐይ ሲበረታ ነጩ ይጠፋል፤ ቀትር ላይ የሚጎበኝ ሰው "ቅጠል ደርቆ ነው" ብሎ ያልፈዋል፣ በሳምንቱ ግን መደቡ በሙሉ የተቃጠለ ይመስላል። ከታች ባሉት አሮጌ ቅጠሎች ላይ ክብ በክብ እየሆነ የሚታየው ቡናማ ነጥብ ሌላ በሽታ ነው፤ እሱ ቀስ ይላል፣ ቅጠሉን ቀንጥሶ ማስወገድ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ማንኮዜብ ያለበት መድኃኒት መከላከያ እንጂ ማዳኛ አይደለም። ምልክቱ ከመጣ በኋላ የምትረጩት የቀረውን ለመጠበቅ ነው፤ ከረጫችሁም በዕቃው ላይ የተጻፈውን መጠንና ከመቅጠፍ በፊት ያለውን የመቆያ ጊዜ አክብሩ። እኔ ግን ዘንድሮ ዋናውን ሥራ የሰጠሁት ለጣሪያ ነው። አራት የባህር ዛፍ አጣና፣ የፊቶቹ 2 ሜትር፣ የኋላዎቹ 1 ሜትር ተኩል፤ ከላይ ነጭ ላስቲክ ተወጥሮ፣ ሚስማሩ እንዳይበሳው ከስሩ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ገብቶበት። ጎኖቹ በአራቱም በኩል ክፍት ናቸው። ነገሩ የሙቀት ቤት አይደለም፣ ዣንጥላ ነው። ዝናቡ ቅጠሉን አይነካውም፣ ነፋሱ ግን እንደ ልቡ ይመላለሳል። ጎኑን ከዘጋችሁት ትነቱ ከላስቲኩ ላይ ተመልሶ ይንጠባጠብና ምችን በገዛ እጃችሁ ታስገባላችሁ። ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ በርሜል ውስጥ ይገባል፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ራሱን የቻለ ጥቅም ነው። በረዶ በጣለበት ከሰዓት ደግሞ ከጣሪያው ውጭ የነበሩት ችግኞች ቅጠላቸው ተበጣጥሶ ሲቀር ከስሩ ያሉት ምንም አልሆኑም።

ጣሪያው ሁለት ሥራ ይጨምራል። አንደኛ፣ ዝናብ ስለማያገኝ ማጠጣት የናንተ ሥራ ነው፤ ያውም ከስር፣ ቅጠሉን ሳይነካ። ክዳኑ የተበሳ ሃይላንድ ተገልብጦ ከሥሩ አጠገብ ቢቀበር በቀስታ ይንጠባጠባል። አንድ ሳምንት አድርቆ በአንዴ ማጥለቅለቅ የፍሬው መቀመጫ እንዲጠቁር ያደርጋል፤ ካልሲየም ከሥር ወደ ፍሬ የሚሄደው ከውኃ ጋር ነውና ውኃው ሲቆራረጥ እሱም ይቆራረጣል። ብዙ ሰው ይህን በሽታ መስሎት መድኃኒት ይገዛል። ውኃውን አስተካክሉ፣ ከላዩ ላይ ጭድ ጎዝጉዙ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ፍሬ ደህና ይሆናል።

ሁለተኛው ሥራ ደስ የሚል ነው። ቲማቲም አበባው ራሱን በራሱ ያዳቅላል፣ ነገር ግን መንቀጥቀጥ ይፈልጋል። ረፋድ ላይ፣ ጤዛው ሲደርቅ፣ የአበባውን ዘለላ ከስሩ በጣት መታ መታ አድርጉት። ሌሊቱ ደህና ከነበረ ቢጫ ብናኝ ቡን ሲል ታዩታላችሁ። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ወርዶ ከነበረ ግን ብናኙ አይወጣም፣ ቢወጣም ደካማ ነው፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ አበባው ከአንገቱ ላይ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ያኔ መናደድ አያስፈልግም፤ ቀጣዩ ዘለላ እየመጣ ነው። በቅጠልና በግንድ ብብት መካከል የሚወጣውን ቀንበጥ መቀንጠስ ለረጃጅሞቹ ነው፤ አጭሩን ሮማ እንዲሁ ብትቆራርጡት ፍሬውን ነው የምትቀንሱት።

እውነቱን ለመናገር በዚህ በልግ ድስታችንን የሞላው ቲማቲሙ አይደለም። ቆስጣው፣ ሐበሻ ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩና ነጭ ሽንኩርቱ ቀላል ውርጭ አይበግራቸውም። ካሮት ደግሞ የሚፈልገው ብልሃት አንድ ብቻ ነው፤ እዚያው ይዘራል እንጂ አይዛወርም፣ ለመብቀልም ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። በዚያ መሃል ዶፍ ወርዶ ፀሐይ ከወጣ የኛ ጥቁር አፈር ላዩ ይጋግርና ቡቃያው መውጣት ያቅተዋል። እርጥብ ጆንያ አልብሱትና በየቀኑ ከስሩ እያያችሁ፣ የመጀመሪያው ነጭ አንገት እንደታየ አንሱት። ጎመን ላይ ዝናብ ሲጠፋ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ይፈላል፤ የሳሙና ውኃ ይበቃዋል፣ አንድ ደህና ዝናብም ጠራርጎ ያወርደዋል። ቃሪያ ግን ከቲማቲም የባሰ ብርድ ፈሪ ነው፤ ለሱ ኮምቦልቻ ይግባው ብዬ ትቼዋለሁ።

አሁን ግንቦት እያለቀ ነው፣ ሰማዩም ሌላ ጠባይ እያመጣ ነው። ግንዱ ላይ ያለውን ሁሉ ቀልቶ እንዲጨርስ መጠበቅ አያስፈልግም። አረንጓዴው ፍሬ ደርሶ እንደሆነ ለማወቅ አንዱን መስዋዕት አድርጋችሁ ለሁለት ቁረጡት። ውስጡ ዝልግልግ ብሎ ዘሩ ከቢላዋው ሸሽቶ ከተንሸራተተ ደርሷል፤ ቢላዋው ዘሩን ከቆረጠው ገና ነው። የደረሰው ከውጭም ጥቁር አረንጓዴነቱን ትቶ ነጣ፣ አብረቅረቅ ይላል። እነዚያን ቀጥፋችሁ ከበሰለ ሙዝ ጋር ካርቶን ውስጥ አስቀምጡ፤ ፍሪጅ ውስጥ ግን አይግቡ፣ ብርዱ መቅላታቸውን ያስቆማል፣ ጣዕማቸውንም ይወስዳል። ያልደረሱት ከቃሪያና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተከትፈው ስልስ ይሆናሉ፤ ኮምጠጥ ያለ ነው፣ እኛ ቤት ተወዷል።

ለክረምቱ ጣሪያውን ምን ላድርገው የሚለው አልለየልኝም። ላስቲኩ ገና ደህና ነው፤ ሰላጣና ቆስጣ ከስሩ ቢገባ ከሐምሌ ዶፍ ይድናል። ሦስተኛው ዙር የቲማቲም ችግኝ ግን አሁን አበባ ላይ ነው፣ መንቀሉ አላስችል አለኝ። ጉሙ ሳይገለጥ በሚውልበት ወር ላይ በክፍት ጣሪያ ስር ቲማቲም ያቆየ ካላችሁ፣ በተለይ በኩታበርና በቦሩ በኩል፣ ምችን በጣሪያው ብቻ ተቋቋማችሁት ወይስ መርጨት ግድ ሆነባችሁ?